ሁሉም የሚመኘው ወንበር፦ የኮሌጅ ፉትቦል አሰልጣኝነት

ባተን ሩዥ፣ ሉዊዚያና ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ስታዲየም መንገድ ተሻግሮ አንድ ነብር ይኖራል። የእኛው ነብር አይደለም፤ ያ ባለ መስመሩ፣ ትልቁ የእስያው ነው። ስሙ ማይክ ይባላል። ከ1936 ጀምሮ አንዱ ሲሞት ሌላው እየተተካ ነው የመጣው፤ በ2017 የገባው 7ኛው ማይክ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሐኪም አለው፣ የሚዋኝበት ገንዳ አለው፣ የሥራ ዋስትናም አለው። የፉትቦል ቡድኑ አሰልጣኝ ግን ይህቺ የመጨረሻዋ የለችውም።

የማወራው ስለ አሜሪካ ፉትቦል ነው፤ ያ እንቁላል የሚመስል ኳስ ያለው። እሱም የፕሮፌሽናሎቹ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲዎቹ። አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ የጨዋታው ሕግ ባይገባው እንኳ ቅዳሜዋን ያውቃታል። ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ኡበር የሚነዳ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ቀይና ግራጫ የለበሰ ሕዝብ ሲጭን ይውላል፣ ጨዋታው ሊጀምር ሲል መንገድ ይዘጋበታል፣ ሲያልቅ ደግሞ ሬዲዮ መክፈት አያስፈልገውም፤ ውጤቱን ከተሳፋሪው ፊት ያነበዋል። ስታዲየሙ ከ100 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። የባላንጣው የሚሺጋን ስታዲየም 107,601 ወንበር አለው። ፕሮፌሽናሎቹ እንኳ ይህን የሚያህል የላቸውም። ይህን ሁሉ ሕዝብ ደስ አሰኝ የሚባለው አንድ ሰው ነው። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ከመንግሥት ተከፋዮች ሁሉ ትልቁን ደመወዝ የሚወስደውም እሱ ነው፣ ወይም የቅርጫት ኳሱ ባልደረባው። ከገዥው ደመወዝ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

በ2025 በላይኛው ዲቪዚዮን 136 ቡድኖች ነበሩ። መከር አልፎ ብርዱ ሲገባ ወንበሮች መለቀቅ ይጀምራሉ፣ ያኔ ክርክሩ ይጦፋል፤ የትኛው ሥራ ይሻላል? ብዙ ሰው መጀመሪያ ደመወዙን ያያል። እውነቱን ለመናገር ደመወዙ ብዙም አይለይም፣ ምክንያቱም ከላይ ያሉት ሁሉም ይከፍላሉ። የጆርጂያው ከርቢ ስማርት በ2024 በታደሰው ውሉ በዓመት 13 ሚሊዮን ዶላር ያህል ያገኛል። 10 ሚሊዮን የሚያገኝ ሰው 13 ስላላገኘ አይራብም። ሥራን ከሥራ የሚለየው ሌላ ነው፤ ለመንገድ የሚቋጥሩልህ ስንቅ ስንት ነው፣ የሚልኩህስ እስከ የት ነው? እኔ የምመዝነው በዚህ ነው።

ስንቁ ከልጆቹ ይጀምራል። በፕሮፌሽናሉ ሊግ መጨረሻ የወጣ ቡድን ለሚቀጥለው ዓመት ከኮሌጅ የሚመጡትን ልጆች መጀመሪያ ይመርጣል፤ ደካማው እንዲያንሰራራ። ኮሌጅ ውስጥ እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለም። ልጁ የሚሄደው የፈለገበት ነው። የሚፈልገው ደግሞ የሚያሸንፈውን፣ የሚከፍለውንና ለእናቱ የሚቀርበውን ነው። ላለው ይጨመርለታል፣ ከሌለው ግን ያችው ያለችውም ትወሰድበታለች። ስለዚህ ካርታው ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ጆርጂያና ካሊፎርኒያ ጎበዝ ልጅ የሚፈላባቸው ቦታዎች ናቸው። እዚያ ያለ አሰልጣኝ መኪናውን አስነስቶ ሁለትና ሦስት ትምህርት ቤት አዳርሶ ለራት ቤቱ ይገባል። ነብራስካ ያለው ደግሞ አውሮፕላን ይሳፈራል።

የባተን ሩዡ ሥራ የሚያስጎመጀው ለዚህ ነው። ሉዊዚያና ትንሽ ክፍለ ግዛት ነው፣ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ግን የሚያወጣው ተጫዋች ጉድ የሚያሰኝ ነው፤ በትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ውስጥ (ቡድኖቹ በሚቧደኑባቸው ሊጎች ማለት ነው) ያለው ቡድን ደግሞ አንድ ብቻ፣ ኤልኤስዩ፣ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ። አላባማ ውስጥ ሁለት አሉ፣ ቴክሳስ ውስጥ ይሻሙታል። ሉዊዚያና ውስጥ ልጁ ገና ጥርሱ ሳይነቀል የሚያውቀው ማልያ ሐምራዊና ወርቅማ ነው። ስታዲየሙ 102,321 ሰው ይይዛል፣ ዝናው በማታ ጨዋታ ነው፤ ሕዝቡ ቀኑን ሙሉ ውጭ ጋምቦ የሚባለውን ወጥ እየቀቀለ፣ ቢራውን እየጠጣ ይቆይና ሲመሽ ይገባል። በ1988 አላባማ ክፍለ ግዛት ካለው ኦበርን ጋር ሲጫወቱ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነጥብ አስቆጠሩና 7 ለ 6 አሸነፉ፤ የሕዝቡን ጩኸትና ዝላይ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ መዘገበው።

አሁን ስንቁን እዩት። ኒክ ሴበን በ2003 ሻምፒዮን አደረጋቸው። የተካው ሌስ ማይልስ በ2007 ደገመው። እሱን የተካው ኤድ ኦርዠሮን በ2019 አንድም ሳይሸነፍ ወሰደው። ሦስት የማይመሳሰሉ ሰዎች በተከታታይ ዋንጫ ካነሱ፣ ወንበሩ ራሱ ያሸንፋል ማለት ነው። ብራያን ኬሊም ይህን አይቶ ይመስለኛል በ2021 መጨረሻ ኖትር ዳምን ጥሎ የሄደው። ኖትር ዳም እኮ እንደዋዛ የሚተው ቤት አይደለም። ከ1991 ጀምሮ የራሱ የቴሌቪዥን ውል ያለው፣ ኬሊ ራሱ በታሪኩ ብዙ በማሸነፍ አንደኛ የሆነበት ቡድን ነው። ለ10 ዓመት 95 ሚሊዮን ዶላር ተባለለትና ሄደ።

መንገዱ ግን ረጅም ነው። ማይልስ በ2016 የውድድር ዘመኑ ገና በአራተኛው ጨዋታ ላይ እያለ ተባረረ። ኦርዠሮን ዋንጫውን ካነሳ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በቃህ ተባለ። ኬሊ በጥቅምት 2025 ሜዳው ላይ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 49 ለ 25 ተሸነፈና በማግስቱ ተሰናበተ። 34 አሸንፎ፣ 14 ተሸንፎ! ሌላ ከተማ ቢሆን በስሙ መንገድ ይሰየምለት ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ከጨዋታው ይበልጥ ይናገራል። የክፍለ ግዛቱ ገዥ ጄፍ ላንድሪ ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ የሚቀጥለውን አሰልጣኝ የስፖርት ዳይሬክተሩ ስኮት ውድዋርድ እንደማይመርጥ ተናገረ። በቀናት ውስጥ ውድዋርድም ሥራውን ለቀቀ። የግብር ጉዳይ አይደለም፣ የጎርፍ ጉዳይ አይደለም፣ የኳስ አሰልጣኝ ቅጥር ነው። ሥራ ፈላጊው ኤጀንቱን መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው፤ የበላዬ ማን ነው? ፕሬዚዳንቱ፣ ቦርዱ፣ ዳይሬክተሩና ገንዘብ የሚያፈሱት ሀብታሞች አንድ ልብ ከሆኑ ሥራው ግማሹ አለቀ። ካልሆኑ አንዱ ሲቀጥርህ ሌላው የሚተካህን ሰው እያሰበ ነው።

የኦበርንን ታሪክ ማየት ይበቃል። ጂን ቺዚክ በ2010 ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2012 ተባረረ። ገስ ማልዛን በ2020 ወደ 21 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተሰጥቶት ተሸኘ። ብራያን ሃርሲን ሁለተኛ ዓመቱን እንኳ አልጨረሰም። ሂዩ ፍሪዝ በኅዳር 2025 ተከተለ። ገንዘቡ አለ፣ ስታዲየሙ አለ፣ ተጫዋቹም አለ። ግን እዚያው ክፍለ ግዛት ውስጥ አላባማ የሚባል ባላንጣ አለ፣ እና የኦበርን ደጋፊ ቡድኑን የሚለካው በራሱ ሜትር ሳይሆን በአላባማ ሜትር ነው።

ካሳውን ካነሳሁ አይቀር፣ የዚህ ሥራ አንዱ ጣዕም እሱ ነው። ጂምቦ ፊሸር በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በኅዳር 2023 ሚሲሲፒ ስቴትን 51 ለ 10 ቀጥቅጦ አደረ፤ በማግስቱ ተባረረ። ውሉ ዋስትና ያለው ስለነበር የሚከፈለው ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ላለመሥራት! ውሉን ያኔ የሰጠው የስፖርት ዳይሬክተር ማን ይመስላችኋል? ያው ስኮት ውድዋርድ ነው (በኋላ የታደሰው ሌላ ሰው እጅ ላይ ቢሆንም)። ለኬሊም ስንብት 54 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ተሰላ። እንዲህ ያለ ውል ያለው ሰው ሲባረር ሐዘን ልደርስ የምሄድ አይመስለኝም።

የስንቁ ዓይነት ደግሞ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ተለውጧል። ድሮ ለተጫዋች ብር መስጠት ወንጀል ነበር ማለት ይቻላል፤ የሚሰጠውም በጓሮ ነበር። ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በሰኔ 2025 በጸደቀ የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቻቸው ማከፋፈል ጀመሩ። ተጫዋቹም ካልተመቸው አንድ ዓመት ከጨዋታ ሳይርቅ በዝውውር ፖርታሉ (መሄድ የሚፈልግ ስሙን በሚያስገባበት መዝገብ) ሌላ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ አሰልጣኙ ሥራ ከመያዙ በፊት ጂሙን ሳይሆን ካዝናውን ነው የሚጎበኘው። ኦሪገን ከጎበዝ ልጆች መፍለቂያ ርቆ ተቀምጦ ከላይኞቹ ጋር የሚፎካከረው የናይኪው መሥራች ፊል ናይት የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለነበረና እጁ ስላልተሰበሰበ ነው።

ኮንፈረንሱም ከዚሁ ጋር ነው የሚታየው። ቢግ ቴን የሚባለው ኮንፈረንስ በ2022 የፈረመው የቴሌቪዥን ውል በ7 ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፣ የደቡቡ ኮንፈረንስ ኤስኢሲም ትልቅ ውል አለው። ከእነሱ ውጭ ሆኖ መገኘት ምን እንደሆነ የዋሽንግተን ስቴትና የኦሪገን ስቴት ሰዎች ይንገሯችሁ። በ2023 ክረምት፣ መውጣታቸውን ቀድመው ካሳወቁት ሌላ፣ የቀሩት የምዕራቡ ኮንፈረንስ የፓክ 12 አባላት አንድ በአንድ ወደ ብሩ ሲሄዱ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። አሰልጣኞቹ ምንም አላጠፉም፤ ስታዲየሙም ደጋፊውም ያው ነው። ሥራው ግን በጥቂት ሳምንት ዋጋው ወረደ።

እስካሁን ስለ ሀብታሞቹ ነው ያወራሁት። እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ሥራ ግን አዮዋ ነው። ኪርክ ፌሬንትዝ ከ1999 ጀምሮ እዚያ ነው። ሻምፒዮን ሁን የሚለው የለም፤ ስምንት፣ ዘጠኝ ጨዋታ አሸንፍ፣ ቡድንህ ጠንካራ ይሁን፣ ይበቃል። በ2023 ቡድኑ በማጥቃት በተጓዘው ርቀት ከ133 ቡድኖች መጨረሻ ወጣ፣ የማጥቃቱ ኃላፊ ደግሞ የገዛ ልጁ ነበር፣ ውሉ ላይ በጨዋታ በአማካይ 25 ነጥብ አስቆጥር የሚል ቃል እስከመግባት የደረሰ። ልጁ ሥራውን አጣ። አባትየው በዚያው ዓመት 10 ጨዋታ አሸነፈና ቀጠለ! ስታዲየሙ አጠገብ የሕፃናት ሆስፒታል አለ። የመጀመሪያው ሩብ ሲያልቅ ሜዳው ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ተጋጣሚውም ዳኛውም ሳይቀር፣ ዞሮ ወደ ላይኛው ፎቅ እጁን ያውለበልባል። ልጆቹ በመስኮት መልሰው ያውለበልባሉ።

ጎረቤቱ ነብራስካ ተቃራኒው ነው። ከ1962 ጀምሮ ትኬቱ ሳይሸጥ የቀረበት ጨዋታ የለም። አምስት ዋንጫ አለው፣ የመጨረሻው በ1997። በ2003 ፍራንክ ሶሊክን 9 አሸንፎ 3 እንደተሸነፈ አባረሩት፤ ከዚያ ወዲህ ያንን የድሮ ክብር ሲፈልጉ ነው የኖሩት። በ2011 ወደ ቢግ ቴን ሲሄዱ ቴክሳስ ውስጥ የነበራቸው የምልመላ በርም ጠበበ። ደጋፊው እንደ ድሮው ይጠይቃል፣ ስንቁ ግን የድሮው አይደለም።

የቀደመው ሰው ጥላም አለ። አላባማ ስታዲየሙ ፊት ለፊት አምስት ሐውልት አቁሟል፤ ሁሉም ዋንጫ ያመጡ አሰልጣኞች ናቸው። አምስተኛው ሴበን ነው፣ እዚያ ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው። በጥር 2024 ጡረታ ሲወጣ ኬለን ዴቦር ዋሽንግተንን ለፍጻሜ ካደረሰ ከቀናት በኋላ መጥቶ ወንበሩን ተረከበ። የመጀመሪያ ዓመቱን 9 አሸንፎ 4 ተሸነፈ፤ ከአራቱ አንዱ በቫንደርቢልት 40 ለ 35 መሸነፍ ነበር። የቫንደርቢልት ልጆች የጎሉን ብረት ነቅለው በናሽቪል ጎዳና ተሸክመው ወንዝ ጨመሩት። ዴቦር ግን በእነዚያ አምስት ሐውልቶች መሃል ወደ ሥራው መመላለስ አለበት።

ይሄን ሁሉ ሚዛን የሰበረ አንድ ሰው ደግሞ አለ። ኢንዲያና በታሪኩ ከማንም ይበልጥ ከተሸነፉት ቡድኖች አንዱ ነበር፣ የቅርጫት ኳስ አገር ነው። በ2023 ዘመኑን 3 አሸንፎ 9 ተሸንፎ ጨርሶ 62 ዓመት የሆነውን ከርት ሲግኔቲን ቀጠረ። ሰውየው አላባማ ውስጥ የሴበን ረዳት ነበር፣ በ2011 ያንን የመሰለ ቤት ትቶ ዋና አሰልጣኝ ለመሆን ስሟ ወዳልተሰማ የታችኛው ዲቪዚዮን ቡድን የወረደ። ከቀድሞ ቡድኑ ከጄምስ ማዲሰን በፖርታሉ ከደርዘን ያላነሱ ልጆች ይዞ መጣ። የቢግ ቴን ገንዘብ ቀድሞም ቤቱ ውስጥ ነበር፣ ብዛቱ የማያልቅ የቀድሞ ተማሪም ነበር፤ የሚጠቀምበት ነው የጠፋው። የመጀመሪያ ዓመቱን 11 አሸንፎ 2 ተሸነፈ። በጥር 2026 ማያሚን 27 ለ 21 አሸንፎ ከ16 ጨዋታ አንድም ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ።

ባተን ሩዥም ወንበሯ ባዶ አልቀረችም። ሌን ኪፈን በኅዳር 2025 መጨረሻ 11 አሸንፎ አንድ የተሸነፈውን ኦል ሚስን፣ ፕሌይኦፍ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ) ሊገባ የቀናት ዕድሜ ሲቀረው፣ ትቶ ኤልኤስዩ ገባ። ኦል ሚስ ያለ እሱ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ብሉሚንግተን፣ ኢንዲያና ደግሞ እስከ 2023 ድረስ ማንም የማይመኘው የነበረ ሥራ አለ፤ ሲግኔቲ ሲያረጅ ማን እንደሚወስደው ከአሁኑ የሚከራከሩ አሉ።