የኮምቦልቻ ምርጫና የውጤት ግምት

ኮምቦልቻ ከደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው የሚያገኟት፣ ቦርከና ወንዝ አጠገብ ያለች የወሎ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሕይወቷን በፈረቃ አስረውታል። ወሎ ላብ አደር አላት ከተባለ እዚህ ነው።

የፓርቲዎችን ውጤት መገመት ቀድሞ ቦታ አልነበረውም፦ በዘውዱ ዘመን ፓርቲ አልነበረም፤ ዕጩም ንብረት እንዲኖረው ይጠየቅ ነበር። የ1979ኙ የብሔራዊ ሸንጎ (የደርግ ዘመን ፓርላማ) ምርጫ የተካሄደው በአንድ ፓርቲ ሥርዓት ነው።

ስለ ግምት ብዙ የሚነገረው ግን ከ1997 ወዲህ ነው። ግንቦት 7 ቀን በተሰጠው ድምፅ፣ ከተሜው እንደ ወትሮው ይመርጣል ያሉ ሁሉ ተሳሳቱ፦ የአዲስ አበባ 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ ለተቃዋሚው ቅንጅት ሆኑ። በመጨረሻው ይፋዊ ውጤት ገዥው ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ሌላው ተቃዋሚ ኅብረት 52 መቀመጫ አገኙ። ውጤቱ ዛሬም ያከራክራል፤ ተቃዋሚዎች ድምፃችን ተወስዷል ሲሉ መንግሥት አስተባብሏል። የማያከራክረው፣ ከዚያ ወዲህ የከተማ መራጭን «የታወቀ ነው» ብሎ ማለፍ እንደማያዋጣ ነው።

በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም ወሰዱ። ኮምቦልቻም ከዚሁ ውስጥ ናት። በ2013 ብልጽግና በአገር ደረጃ በሰፊው ሲያሸንፍ በአማራ ክልል አብን (የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ) 5 የፓርላማ መቀመጫ አገኘ።

አሸናፊው አስቀድሞ ሲታወቅ ከአቦል እስከ በረካ ባለው የቡና ወግ የሚያከራክረው ማን ያሸንፋል ሳይሆን በስንት ይበልጣል፣ ስንት ሰውስ ይወጣል የሚለው ነው። ሕጉ ብዙ ድምፅ ላገኘ ስለሚፈርድ ግማሽ መሙላት ግድ አይደለም፤ የተቃዋሚዎች መበታተንም እዚሁ ስሌት ውስጥ ይገባል። የከተማችን ሰው ይህን ያለ ጠብ ያወራዋል። ነዋሪው አንድ ለአምስት (አንዱ አምስቱን እየመራ) በተደራጀበት የኢሕአዴግ ዘመን አንዳንዱ ጎረቤቱ እየሰማ ያሰበውን አይናገርም ነበርና፣ ያኔ በጆሮ የተለቀመ ግምት ዋጋው ቀላል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉ የሚያሳስተው የሠራተኛው ቁጥር ነው። ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ከገጠር መጥታ አራት ሆና ቤት የተከራየች የፓርክ ሠራተኛ ይህን ላታሟላ ትችላለች፤ ብታሟላም የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ ሰልፍ መቆም አለባት። የፋብሪካውን በር አይቶ የገመተ፣ ቆጠራው አልቆ በምርጫ ጣቢያው ደጃፍ የሚለጠፈውን ወረቀት ሲያነብ ልዩነቱን ያገኘዋል።