አጋሮ ደርሶ መልስ በብስክሌት፦ ልጅ የሚያሳድግ ጀማሪ የሚሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጅማ አጋሮ ደርሶ መመለስ 90 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ዳገትና ቁልቁለቱም አብሮ አለ። ትንሽ ልጅ ላለው ጀማሪ ከባድ ቢሆንም የሚደረስበት ግብ ነው። ለጉዞው ሲዘጋጁ ከየአቅጣጫው የሚሰጠው ምክር ግን ግማሹ ያደክማል እንጂ አያደርስም።

«በየቀኑ ካልነዱ ዋጋ የለውም»

በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። በሥራ ቀናት ሁለቴ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ደግሞ አንድ ረጅም ጉዞ። ረጅሙ በ1 ሰዓት ተኩል ይጀምርና በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጨመርበታል። በየአራተኛው ሳምንት በግማሽ ይቀነስ፤ ሰውነት የሚጠነክረው ሲያርፍ ነውና። ከጅማ ሰርቦ ከተማ ደርሶ መልስ (ወደ 40 ኪሎ ሜትር) ለመካከለኛዎቹ ሳምንታት ይመቻል። በ16 ሳምንት ውስጥ ረጅሙ ጉዞ 4 ሰዓት ገደማ ከደረሰ ለአጋሮ ይበቃል። ልጅ ታሞ ሳምንቱ ቢያልፍ ካቆሙበት ይቀጥሉ እንጂ ያመለጠውን ለማካካስ እጥፍ አይንዱ፤ ጉልበት የሚታመመው በዚህ ጊዜ ነው።

«ካላለከለኩ ልምምድ አይባልም»

አብዛኛው ጉዞ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ የሚነዱት መሆን አለበት። የሚያስለከልከው በሳምንት አንዴ ብቻ ነው። ለዚህ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው የጅሬን ዳገት አለላችሁ፦ 15 ደቂቃ ሰውነት ማሟሟቅ፣ 4 ደቂቃ ጠንከር አድርጎ መውጣት፣ 4 ደቂቃ ቀስ ብሎ መመለስ፤ ይህን አራት ጊዜ። ሌሊቱን ልጅ ሲያስነቃዎት ካደረ ዳገቱን ይተዉና 30 ደቂቃ ዘና ብለው ይንዱ።

«መቀመጫው ላይ ሆነው ሁለት እግር መሬት መንካት አለበት»

ይህ የብዙ ጉልበት ሕመም መነሻ ነው። መቀመጫው ላይ ተቀምጠው፣ ተረከዝዎን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ሲያደርጉ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ሲነዱ በእግር ጣቶች ሥር ባለው ሰፊ ክፍል ስለሚረግጡ ጉልበት በልኩ ይታጠፋል። ሲነዱ ዳሌዎ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ መቀመጫው ከልክ በላይ ከፍ ብሏልና 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያድርጉት። ጉልበት ከፊት ካመመ ብዙውን ጊዜ መቀመጫው ዝቅ ብሏል፣ ከኋላ ካመመ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ሲቆሙ ከመቀመጫው ወርዶ መቆም ነው፤ ሁለት ቀን ይለመዳል።

«ከባድ ማርሽ እግር ያጠነክራል»

ጀማሪን ጉልበቱን ያስጨርሰዋል። ቀኝ እግርዎ በ15 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይቁጠሩ፦ ሜዳ ላይ ከ18 እስከ 22 ጥሩ ነው። ዳገት ላይ ከ15 በታች ከወረደ ማርሹን ያቅልሉ፤ ያውም ዳገቱ ሳይጀምር። ባለ በሌለ ኃይል እየረገጡ ማርሽ ቢቀይሩ ካቴናው ይዘላል፣ ሲብስም ይበጠሳል።

«ጠንካራ ቁርስ እስከ መጨረሻው ያደርሳል»

ጡንቻና ጉበት ያከማቹት ስኳር ሲያልቅ እግር ድንገት ይከዳል። ከ1 ሰዓት ተኩል ለሚበልጥ ጉዞ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ይሰጣል። ቀጠን ብሎ በማር የተበጠበጠ በሶ፣ ቁንጥር ጨው ተጨምሮበት፣ ከብዙ የሱቅ መጠጥ ይሻላል። ሳይርብዎት፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይጀምሩ። ቆሎ እያለከለኩ ማኘክ ያስቸግራል፤ ለማረፊያ ይቆይ። በረመዳን ረጅሙን ጉዞ ትተው ከአፍጥር በፊት ባለው 45 ደቂቃ ቀስ ብሎ መንዳት ይበቃል።

«ላብ የወጣባት እናት ብታጠባ ልጁ ይታመማል»

አይታመምም፤ መጠነኛ ልምምድ ወተትም አይቀንስም። ከመውጣት በፊት ማጥባት ለራሷ ይመቻታል።

«ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን ይገለብጣል»

አብዛኛው የማቆም ኃይል ያለው የፊቱ ላይ ነው። የሚገለብጠው በድንገት ጨምድዶ መያዝ ነው። ዳሌን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ሁለቱንም ቀስ በቀስ መጫን፣ ፍጥነትንም ኩርባው ውስጥ ሳይገቡ መቀነስ ያስፈልጋል። የጅማ ዝናብ ሲጥል የፍሬኑ ጎማ መጀመሪያ ውሃውን ከቸርኬው ላይ ስለሚጠርግ ወዲያው አይዝም፤ ቀደም ብለው ይጀምሩ። ከዝናብ ጉዞ በኋላ በፍሬኑ ጎማ ውስጥ የተሰገሰገውን አሸዋ በመርፌ ይልቀሙት፤ ካልወጣ ቸርኬውን ይፍቃል።