ኤክስ ካርዱን የነካ ሰው ምክንያቱን መናገር አለበት?

ደሴ በምንሰበሰብበት የሚና ጨዋታ (ተጫዋቾች ገጸ ባሕርያትን ሆነው አብረው ታሪክ የሚፈጥሩበት ጨዋታ) ቡድን ጥያቄው ደጋግሞ ይነሳል። መልሱ አጭር ነው፦ የለበትም። ጆን ስታቭሮፖሎስ ያዘጋጀው ይህ ካርድ የኤክስ ምልክት ያለበት ወረቀት ነው፤ ጠረጴዛው መሃል ይቀመጣል። አንድ ተጫዋች ሲነካው ያስጨነቀው ነገር ከታሪኩ ይወጣል፤ ጨዋታው ይቀጥላል።

የጨዋታው መሪ፣ ማለትም ተራኪው፣ ታሪኩን በ1977ቱ ድርቅ ወደ ኮረም መጠለያ ወሰደው እንበል። ስለ ሬሳዎቹ መተረክ ሲጀምር አንዷ ካርዱን ነካች። «እሺ፣ ተጓዦቹ ደሴ ገብተዋል» ብሎ ያልፋል። ነገሩ ካልገባው «የቱን ልተው?» ማለት ይችላል። «ምነው፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» ማለት ግን ካርዱን ከንቱ ያደርገዋል፤ ለዚያውም ወሎ ተቀምጦ!

ከቡድን ቡድን የሚለያየው ትዕይንቱ ይዘለል ወይስ ተመልሶ በሌላ መልክ ይተረክ የሚለው ነው። እሱን ዳይሱ ከመጣሉ በፊት ተስማሙበት።