የጥርስ ሐኪም እጅ እንዴት ይሠለጥናል?

የጥርሳችን የላይኛው ሽፋን ኢናሜል ይባላል። በሰውነታችን ውስጥ ከእሱ የሚጠነክር ነገር የለም። ውፍረቱ ግን ወፍራም በሚባለው ቦታ እንኳ 3 ሚሊሜትር አይሞላም። ከሥሩ ዴንቲን የሚባል ሌላ የጥርስ ክፍል አለ፤ ከዴንቲን ሥር ደግሞ ነርቭና የደም ሥር። መሰርሰሪያ የያዘ እጅ ትንሽ ከሳተ፣ ቀላል የነበረው ሥራ ነርቭ ጋ ይደርሳል። የጥርስ ሕክምና ዲግሪ ዓመታት የሚፈጀው በዋናነት ለዚህ እጅ ሲባል ነው ብዬ አምናለሁ።

በአገራችን ትምህርቱ ከሚሰጥባቸው መካከል የአዲስ አበባ፣ የጅማና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ይገኛሉ። መጀመሪያ ላይ ከሌላው የሕክምና ተማሪ ብዙም ልዩነት የለም። አናቶሚ (የሰውነት አወቃቀር)፣ ፊዚዮሎጂ (የሰውነት አሠራር)፣ ፋርማኮሎጂ (የመድኃኒት ጥናት) ይማራሉ። «ለጥርስ ይሄ ሁሉ ለምን?» የሚል አይጠፋም። ጥርሱን ሊያስነቅል የመጣው ሰው ግን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስድ ይሆናል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ሊኖርበት ይችላል። ነፍሰ ጡርም ትመጣለች። ይህን ሳይጠይቁ ጉጠት ማንሳት አደጋ ነው።

ቀጥሎ ፋንቶም ይመጣል። የሰው ጭንቅላት ቅርጽ ያለው መለማመጃ ነው፤ አፉ ውስጥ የፕላስቲክ ጥርሶች ይገጠማሉ። ተማሪው እዚያ ላይ ይሰረስራል፣ ይሞላል፣ ያበላሻል፣ እንደገና ይጀምራል። የላይኛውን መንጋጋ ጥርሶች በቀጥታ ማየት ስለሚያስቸግር ትንሿን መስታወት እያየ መሥራት ይለምዳል። በመስታወት ሲያዩት አቅጣጫው ይገለበጣል፤ እጅ ይህን እስኪለምድ ብዙ ድግግሞሽ ይፈልጋል። አቀማመጥም እዚሁ ይሰለጥናል። ጎብጦ መሥራት የለመደ ሐኪም ወገቡና አንገቱ ቶሎ ይከዱታል።

ከዚያ እውነተኛው ታካሚ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ፕላስቲክ አይደማም፣ ምራቅ የለውም፣ አይፈራም። ሰው ግን ይፈራል። ማደንዘዣን ብቻ እንይ። የታችኛውን መንጋጋ ጥርሶች ለማደንዘዝ ብዙ ጊዜ መርፌው የሚገባው ከጥርሱ አጠገብ ሳይሆን ከኋላ፣ ነርቩ ወደ መንጋጋ አጥንት በሚገባበት አካባቢ ነው። ነርቩ አይታይም፤ ቦታው የሚገኘው በአናቶሚ እውቀትና በጣት ዳሰሳ ነው። መድኃኒቱ ከመገፋቱ በፊት ሲሪንጁ ወደኋላ ሳብ ይደረጋል። ደም ከመጣ መርፌው የደም ሥር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። አስተማሪ አጠገብ ቆሞ የሚከታተለው ለዚህ ነው፤ እኔ ከሁሉም የማከብረው የትምህርቱ ክፍልም ይሄ ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም በክትትል ሥር ታካሚ እያከሙ የሚሠሩበት የልምምድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላም የጤና ሚኒስቴር የሙያ ብቃት ምዘና ፈተና አለ።

እጅ ብቻውን ግን አይበቃም። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ሐኪም ጋ የሚሄደው ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳው ነው። ከገባ በኋላም «ንቀሉልኝና ልገላገል» ይላል። ጥርሱ ሊተርፍ የሚችል ከሆነ ይህን በትዕግሥት ማስረዳት የሐኪሙ ሥራ ነው። የሥር ሕክምና፣ ማለትም የተጎዳውን ነርቭ አውጥቶ የጥርሱን ሥር መሙላት፣ መመላለስ ይጠይቃል፤ ወጪም አለው። ታካሚው ይህን አውቆ ይወስን።

የሕፃናቱ ጉዳይ ደግሞ አለ። በአንዳንድ አካባቢ ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «የወተት ጥርስ» ነው ተብሎ ድዱ በስለት ይከፈታል። ያበጠው ድድ ውስጥ ያለው ግን ሊበቅል የተዘጋጀ ጤነኛ ጥርስ ነው። በወጉ ባልጸዳ ስለት ሲወጣ ልጁ ሊደማ፣ ሊመረቅዝ፣ ከሥር ያለው ቋሚ ጥርሱም ሊጎዳ ይችላል። ተማሪው እናትየዋን ሳያሳፍር፣ በምትረዳው ቋንቋ ይህን ማስረዳት መማር አለበት። ለተቅማጡም ወዲያው ወደ ሕፃናት ሕክምና ይልካታል።