የጅማ ነዳጅ፦ ከባሕር ማዶ ማጣሪያ እስከ ማደያው ጉድጓድ

ጅማ ላይ ባጃጅ የሚቀዳው ቤንዚንም ሆነ ቡና የጫነ አይሱዙ የሚሞላው ናፍጣ አንድም ጠብታው ኢትዮጵያ ውስጥ የተጣራ አይደለም። አገሪቱ የሚሠራ ማጣሪያ ስለሌላት በዓመት ከ3 ሚሊዮን ቶን በላይ ነዳጅ ተጣርቶ ያለቀለት ሆኖ ይገባላታል፤ ከውጭ የሚገዛውም የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ለምትገኘው ጅማ የድፍድፍ ዋጋ ብቻውን ብዙ አይነግርም። ዜናው የሚያወራው ስለ ድፍድፍ ነው፤ ማደያው የሚሸጠው ግን ሌላ ዕቃ ነው። ማን ምን ያህል እንደሚያጣራ፣ ካጣራው ለራሱ ምን እንደሚያስቀር፣ የተረፈው በምን መንገድ እንደሚደርስ ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል።

ስለ ስሞቹ

የማደያና የማጣሪያ ቋንቋ አይገጥሙም። እኛ ናፍጣ የምንለው ዲዝልን ነው። ማጣሪያ ቤት ውስጥ ግን «ናፍታ» ሲባል ከቤንዚን ወገን የሆነ፣ ቶሎ የሚተን፣ የፕላስቲክና የቤንዚን ጥሬ ዕቃ የሚሆን ቀላል ፈሳሽ ነው። የውጭ ዘገባ ሲተረጎም በዚህ አንድ ቃል ብቻ ስንቱ ይሳሳታል። ላምባ ወይም ነጭ ጋዝ የሚባለው የአውሮፕላን ነዳጅ የቅርብ ዘመድ ነው። ጥቁር ናፍጣ ደግሞ የፋብሪካ ቦይለር የሚነድበት ወፍራሙ ዝቃጭ ነው።

ማጣራት ምንድን ነው?

ድፍድፍ የሚለው ቃል ራሱ ግማሹን ይነግረናል። አረቄ ሲወጣ ድፍድፉ እሳት ይነድበታል፣ እንፋሎቱ በቱቦው ያልፋል፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። ነዳጅ ማጣሪያም መሠረቱ ይኸው ነው። ድፍድፉ እስከ 350 ወይም 370 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቅና ረጅም ማማ ውስጥ ይገባል። ቀላሉ፣ ማለትም ጋዝና የቤንዚን ወገን፣ ከማማው አናት ይወጣል፤ ከሥሩ ላምባ፣ ከላምባ ሥር ናፍጣ ይቀዳል። የማይተነው ጥቁር ዝቃጭ ታች ይቀራል። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው፤ ከውስጡ የሚወጣው ድርሻ እንደ ድፍድፉ ዓይነት ይለያያል።

ማጣሪያን ከማጣሪያ የሚለየው በዚያ ዝቃጭ የሚያደርገው ነገር ነው። ተራው ማጣሪያ ዝቃጩን በጥቁር ናፍጣነት በርካሽ ይሸጠዋል። የተራቀቀው ግን በሙቀት፣ በማቀላጠፊያ ንጥረ ነገርና በሃይድሮጂን ሰባብሮ እንደገና ቤንዚንና ናፍጣ ያወጣበታል፤ ድኙንም ያስወግዳል። መሣሪያው እጅግ ውድ ስለሆነ የሚያዋጣው በብዛት ለሚያጣራ ነው።

የአሰብ ማጣሪያ ይህን በተግባር አሳይቷል። በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረው ይህ ማጣሪያ በቀን 20 ሺህ በርሜል የማይሞላ፣ አሠራሩም ተራ የሆነ ነበር። ኤርትራ ነፃ ከወጣች በኋላም ሁለቱ አገሮች ለጥቂት ዓመታት ሲጠቀሙበት ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ። ድፍድፍ ገዝቶ በአሮጌ መሣሪያ ከማጣራት ያለቀለትን መግዛት ረክሶ ተገኘ። በዓመቱ ጦርነቱ መጣና ወደቡም ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱ በጅቡቲ ሆነ።

ታላላቆቹ አገሮች

ባለፉት 25 ዓመታት የዓለም የነዳጅ ፍላጎት ያደገው በአብዛኛው በእስያ ነው (በዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ቻይና በ2000 በቀን 5 ሚሊዮን በርሜል የማይሞላ ትጠቀም ነበር፤ ዛሬ ከ16 ሚሊዮን በላይ ትጠቀማለች። የማጣራት አቅሟም በቀን ከ18 ሚሊዮን በርሜል አልፎ አሜሪካን በመብለጥ በዓለም አንደኛ ሆኗል። ዕድገቱ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ውስጥ «ጀበና» በሚል ቅጽል የሚታወቁ ትናንሽ የግል ማጣሪያዎች አሉ። በሌላ በኩል እንደ ዠጂያንጉ በቀን 800 ሺህ በርሜል የሚያጣሩና ከፕላስቲክ ኬሚካል ፋብሪካ ጋር የተያያዙ ግዙፎች ተሠርተዋል። መንግሥት በዓመት 1 ቢሊዮን ቶን የሚል ጣሪያ ስላበጀ ትንንሾቹ እየተዘጉ ነው። አሁን እዚያ የመኪና ነዳጅ ፍላጎት ማሽቆልቆል ጀምሯል፤ ከ2024 አጋማሽ ወዲህ ቻይና ውስጥ ከሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖች ግማሽ ያህሉ በኤሌክትሪክ የሚሞሉ ናቸው። እያደገ ያለው ለፕላስቲክ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ ነው። ቻይና ምን ያህል ነዳጅ ወደ ውጭ እንደሚሸጥ በኮታ ስለምትወስን፣ ኮታው ሲጠብብ የእስያ ገበያ ወዲያው ይሰማዋል።

የህንድ ነገር ለጅማ ይበልጥ ይቀርባል። በ2000 በቀን ከ2 ሚሊዮን በርሜል ጥቂት አለፍ ያለው ፍላጎቷ አሁን ወደ 5.5 ሚሊዮን ደርሷል። የማጣሪያዎቿ አቅም በዓመት 257 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው። ከድፍድፏ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነውን ከውጭ ታስገባለች፤ ሆኖም ቤንዚንና ናፍጣ ለዓለም ትሸጣለች። አቅሟ ከፍላጎቷ ሳይበልጥ ይህ እንዴት ይሆናል የሚል ካለ፣ መልሱ በዓይነቱ ላይ ነው፦ የማብሰያ ጋዝ ታስገባለች፣ ናፍጣ ታስወጣለች። ጉጃራት ባሕር ዳርቻ ላይ ያለው የጃምናጋር ማጣሪያ የመጀመሪያው ክፍል በ1999፣ ሁለተኛው በ2008 ሥራ ጀምሮ በቀን ከ1.2 ሚሊዮን በርሜል በላይ ያጣራል፤ በአንድ ቦታ ካሉት በዓለም ትልቁ ነው። ወፍራምና ድኝ የበዛበትን ርካሽ ድፍድፍ መቋቋም መቻሉ ትርፉ ነው። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ከወረረች ወዲህ ህንድ በቅናሽ የተሸጠውን የሩሲያ ድፍድፍ በገፍ የገዛችውም ማጣሪያዎቿ ስለሚችሉት ነው።

አፍሪካ ውስጥ ናይጄሪያ ልዩ ምሳሌ ናት። የመንግሥት ማጣሪያዎቿ በወረቀት በቀን 445 ሺህ በርሜል የሚያጣሩ ቢሆኑም ለዓመታት ቆመው ስለነበር፣ ድፍድፍ እየላከች ቤንዚን ታስገባ ነበር። የዳንጎቴ ማጣሪያ ዕቅዱ በ2013 ይፋ ሆነ፣ በግንቦት 2023 ተመረቀ፣ ናፍጣ ያወጣው በጥር 2024፣ ቤንዚን የሸጠው በመስከረም 2024 ነው። ከዕቅድ እስከ ቤንዚን 11 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። አቅሙ በቀን 650 ሺህ በርሜል ነው። ደቡብ አፍሪካ በተቃራኒው ደርባን ላይ የነበሩትን ሁለት ማጣሪያዎቿን አቁማ ወደ ገዢነት አዘንብላለች። ብራዚልና ኢንዶኔዥያም ድፍድፍ እያመረቱ ያለቀለት ነዳጅ ይገዛሉ።

ለኢትዮጵያ ዋናው ምንጭ እነ ኩዌት ያሉበት የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ነው። ኩዌት በቀን 615 ሺህ በርሜል የሚያጣራውን አል ዙርን የሠራችው ለሽያጭ ነው። ቤንዚን ለዓመታት ከሱዳንም ይገባ ነበር፤ ከካርቱም በስተሰሜን ያለው የጀይሊ ማጣሪያ በሚያዝያ 2023 በተነሣው ጦርነት ሲጎዳ ያ ምንጭ ነጠፈ።

ከጅቡቲ እስከ ጅማ

ከባሕረ ሰላጤው የሚነሣ መርከብ ጅቡቲ ለመድረስ ባብ ኤል ማንደብን ማለፍ አያስፈልገውም፤ ወደቡ ከጠባቡ መተላለፊያ በፊት ነው። ሆኖም ከኅዳር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመርከቦች ላይ የተሰነዘረው ጥቃት የአካባቢውን ኢንሹራንስ አስወድዶታል። ዶራሌ ያለው የሆራይዘን ተርሚናል ነዳጁን ተቀብሎ ለቦቴዎች ይቀዳል። ከዚያ በየብስ አዲስ አበባ ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ከአዲስ አበባ ወሊሶ፣ ወልቂጤ፣ የጊቤ በረሃ፣ ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ ተብሎ ጅማ ይገባል። ሹፌሮች የሚፈሩት ጊቤን ነው፤ ጭነት ይዞ ቁልቁል መውረድ ፍሬን ያግላል፣ ሽቅብ መውጣት ሞተር ያፈላል፣ በክረምት ደግሞ መንገዱ ይንሸራተታል። የጅማ የማደያ ዋጋ ከአዲስ አበባው ከፍ የሚለው በዚህ መንገድ ማጓጓዣ ምክንያት ነው።

ቦቴው ማደያ ሲደርስ ወዲያው አይገለበጥም። ደልዳላ ቦታ ቆሞ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይረጋል። የመሬት ሽቦው ይታሰራል፤ ነዳጅ ሲፈስ በሚፈጠር የኤሌክትሪክ ብልጭታ ቤንዚን ሊቀጣጠል ስለሚችል ይህን የዘለለ ሰው በሕይወቱ ተጫውቷል። የየክፍሉ ማኅተም ቁጥር ከሰነዱ ጋር ይመሳከራል። ዘንግ ገብቶ ከፍታው ይለካል፣ ጫፉ ላይ በተቀባው ቅባት ቀለም መለወጥ ውኃ መኖር አለመኖሩ ይታያል። ክብደቱም ይፈተሻል፦ የቤንዚን ሊትር 0.72 እስከ 0.775፣ የናፍጣ 0.82 እስከ 0.86 ኪሎ ይመዝናል። ላምባ በመካከላቸው ስለሚወድቅ ቤንዚን ከብዶ፣ ናፍጣ ቀልሎ ከተገኘ መጠርጠር ነው። ላምባ የገባበት ቤንዚን ሞተር ያንኳኳል፤ ላምባ የበዛበት ናፍጣ የፓምፑን ቅባትነት ያሳጣና ኢንጀክተር ይበላል። ከሁሉ የከፋው ቱቦ ተሳስቶ ቤንዚን ናፍጣ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ጥቂቱ እንኳ ናፍጣውን በተራ የአየር ሙቀት የሚቀጣጠል ያደርገዋል።

ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው ግን ከሌብነት ሳይሆን ከሙቀት ነው። 1,000 ሊትር ቤንዚን በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ወደ 1 ሊትር ይሸበሸባል፤ ናፍጣ ወደ 0.8 ሊትር። በ36 ዲግሪ ጅቡቲ የተቀዳ 45,000 ሊትር ቤንዚን 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ጅማ ደርሶ ወደ 22 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 600 ሊትር ገደማ «ይጠፋል»። ማንም አልነካውም፤ ክብደቱ እንዳለ ነው። መጠኑ በ15 ዲግሪ ተሰልቶ ካልተመዘገበ ሹፌሩ ያለ ጥፋቱ ይጠየቃል። ሌባም ካለ የሚደበቀው እዚሁ ሂሳብ ውስጥ ነው።

የጅማ ፍላጎትና ሰልፉ

ጅማ የምትቀዳው ለራሷ ብቻ አይደለም። ወደ ቦንጋና ሚዛን፣ ወደ አጋሮ፣ በደሌና መቱ የሚሄድ ሁሉ እዚህ ይሞላል። ፍላጎቱ የሚበረታው ከጥቅምት እስከ ጥር በቡና ወቅት ነው። ገጠር ያሉት የእሸት ቡና መፈልፈያዎች ብዙዎቹ በናፍጣ ሞተር ይሠራሉ፣ የደረቀውን ቡና የሚፈለፍሉት መቀሸሪያዎች መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያስነሣሉ፣ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) እና የታጠበ ቡና የጫኑት መኪኖች ይመላለሳሉ። 75 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ጄኔሬተር በሰዓት 20 ሊትር ያህል ናፍጣ ይጠጣል። የታጠበ ቡና መፈልፈያ ደግሞ ሥራው አይጠብቅም፤ ቀይ ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መፍላት ይጀምርና ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ በኅዳር አንድ ቦቴ ለሁለት ቀን ሲዘገይ የሚጎዳው የሚሰለፈው ሰው ብቻ አይደለም።

እጥረት ሲኖር ምክንያቱ አንድ አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ዘግይቶ ግዢው ሲጓተት፣ መርከብ ሲቆይ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ወይም ዋጋ ሊጨምር ነው ሲባል ሁሉም በአንድ ቀን ሲሞላ ውጤቱ አንድ ዓይነት ሰልፍ ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት ድጎማውን ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ አድርጎ ዋጋ ሲከልስ ቤንዚን አዲስ አበባ ላይ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አለፈ። በመካከሉ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ነበርና የዓለም ዋጋ ባይነካም እዚህ ይጨምራል። በ2015 ዓ.ም. የመጣው የቴሌብር ክፍያ ማን እንደቀዳ ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ በጀሪካን የት እንደሄደ ግን አያሳይም። ማደያ ደርቆ ሳለ ጎዳና ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ከአንድ ቦታ ወጥቷል፤ ለባጃጅ ነጂው ደግሞ ጉዳቱ ድርብ ነው፣ ዋጋው ይንራል፣ ሃይላንዱ ውስጥ ምን እንደተደባለቀ አይታወቅም።

ቀጥሎ ምን አለ?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ከጅማ ብዙም በማይርቀው ግልገል ጊቤ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ለከተማዋ መኪናና ባጃጅ የሚሆን ኃይል አያጣም፤ የሚያጣው ሳይቆራረጥ የሚደርስ መስመርና በ350 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ላይ የሚሞላበት ቦታ ነው። ለናፍጣ ግን መተኪያው ገና ነው፣ ቡና የሚጭነው አይሱዙም ሆነ ጠጠር የሚያመላልሰው ሲኖ ትራክ በናፍጣ ይቀጥላል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ መሠረተ ድንጋይ ተጥሏል። ቢሠራም ጎዴ የሚጣራው ናፍጣ ጅማ ለመድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በቦቴ መጓዝ፣ በመጨረሻም ጊቤን መውረድና መውጣት አለበት።