ድመት ስትገጭ «የውስጥ ጉዳት» የሚባለው ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለው ቤታችን በር ላይ ድመቴን ውሮን ባጃጅ ገጫት። ጩኸቷን ሰምቼ ስወጣ በራሷ እግር ሮጣ ወደ ቤት ስትገባ አየኋት። ደም የለም። ያነከሰ እግር የለም። ቀጥታ አልጋ ሥር ገብታ ተኛች። ጎረቤታችን እማማ «ልጄ፣ ድመት እኮ ነፍሷ ብዙ ነው፤ ተያት ትረፍ» አሉኝ። ልቤ የፈለገውን ስለነገሩኝ ተውኳት።

በማግስቱ ጠዋት ባትሪ ይዤ አልጋ ሥር አየሁ። ሆዷ እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ይሟሽሻል። አፏን ገርበብ አድርጋ ነበር የምትተነፍሰው። ቁስል ግን አሁንም የለም።

የውስጥ ጉዳት ማለት ይሄ ነው፤ ቆዳው ደህና ሆኖ ከሥሩ ያለው ሲጎዳ። የድመት ቆዳ ልል ነው። ሲመታ ይንሸራተታል እንጂ ቶሎ አይቀደድም። ምቱ ግን ወደ ውስጥ ያልፋል። ሳንባ ሊደማ ይችላል። ከሳንባ ያመለጠ አየር ደረት ውስጥ ተጠራቅሞ ሳንባውን ሊጫነው ይችላል። ደረትንና ሆድን የሚለየው ስስ ጡንቻ ተቀዶ አንጀት ወደ ደረት ሊገባ ይችላል። የሽንት ፊኛም ሊፈነዳ ይችላል። አንዳንዱ ወዲያው ይታወቃል፤ አንዳንዱ ሰዓታት፣ አንዳንዴም አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው። ከሰገነት ወይም ከጣሪያ ለወደቀች ድመትም ነገሩ ያው ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። ድመት ደግሞ ተፈጥሮዋ መደበቅ ነው። ትንሽ እንስሳ ናት፤ አይጥ ብታድንም እሷንም አድኖ የሚበላት አለ። ስለዚህ ሲያማት አትጮህም፤ ጥግ ትይዛለች፣ ኩርምት ትላለች። ስትዳብሷት ኩርርር ማለቷም ደህና ነች ማለት አይደለም። ድመቶች በጣም ሲያማቸውም ኩርርር ይላሉ። እሷ ከደበቀች ፈልጎ ማግኘት የኛ ሥራ ነው።

ከሁሉ በፊት ትንፋሿን እዩ። ዝም ብላ በተኛችበት፣ ሳትነኳት፣ ጎኗ ከፍ ዝቅ ሲል ለ30 ሰከንድ ቁጠሩና በሁለት አባዙት። ያረፈች ጤነኛ ድመት በደቂቃ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያህል ትተነፍሳለች። አርፋ ተኝታ ከ40 ካለፈ ሐኪም ጋ ውሰዷት። አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ደግሞ መቁጠሩንም ተዉት፤ በቃ ተነሱ። ውሻ ሲሞቀው ያለከልካል፤ ልማዱ ነው። የተገጨች ድመት ስታለከልክ ግን አየር አጥሯት ነው።

ቀጥሎ ድዷን። ከንፈሯን በቀስታ ገለጥ አድርጉት። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው። በጣታችሁ ጫን ስታደርጉት ይነጣል፤ ስትለቁት ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ይመለሳል። ድዷ በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ ምላሷን እዩ። ነጭ፣ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ፣ ጆሮዋና መዳፏም ከቀዘቀዘ፣ ሐኪሞች ሾክ የሚሉት ውስጥ ገብታለች። መደንገጥ ማለት አይደለም። የደም ዝውውሯ ወርዶ ሰውነቷ በቂ ኦክስጅን አላገኘም ማለት ነው። ይሄ ለነገ አይባልም። አስገድዳችሁ ውኃም ወተትም አታጠጧት፤ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል።

ሽንቷን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከአደጋው በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ካልሸናች ወይም እያማጠች ምንም ካልወጣ ውሰዷት። ጭራዋ ላይ ጎማ የሄደባት ድመት ከሆነች የበለጠ ተጠንቀቁ። ጭራ ሲጎተት ሽንትን የሚያዙ ነርቮች አብረው ሊጎዱ ይችላሉ። ጭራዋ እንደ ገመድ ከተንጠለጠለ ወይም የኋላ እግሯን ከጎተተች አትጠብቁ። አንድ ቀን ሙሉ እህል ካልቀመሰችም ለሐኪም ደውሉ። ድመት ቀናት ከጾመች ጉበቷ በስብ ሊታመም ይችላል።

የሚጠበቅም አለ። ትንሽ እያነከሰች እግሯን መሬት ካስነካች፣ ከበላች፣ ከሸናች፣ ከተላሰች፣ ቤት ውስጥ አስቀምጣችሁ ሁለት ቀን ተከታተሏት። ትንሽ ጭረትም እንዲሁ። ንክሻ ግን ሌላ ነው። የጥርስ ቀዳዳ ከላይ ይዘጋና ከሥር መግል ይቋጥራል፤ ከቀናት በኋላ ያብጣል፣ ትኩሳት ይመጣል። የነከሳት ውሻ ከሆነ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። ስትይዟት እናንተን ከነከሰች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጣና ዳር ስንኖር አንድ የተለየ ነገርም አለብን። ድመቶቻችን አሳ የሚወርድበት ቦታ ይውላሉ፤ የቀረሶ ጭንቅላት ይዘው መንጠቆና የመረብ ክር አብረው ይውጣሉ። ከአፏ ክር ተንጠልጥሎ ካያችሁ አትጎትቱት። ሌላው ጫፍ አንጀቷ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ስትስቡት እንደ ቢላ ይቆርጣታል። እንዳለ ወደ ሐኪም ነው።

እባካችሁ፣ እባካችሁ ፓራሲታሞል አትስጧት። አዝነንላት የምናደርገው ነው፤ የሚገድላትም እሱ ነው። የሰው ጉበት ፓራሲታሞልን አጣርቶ ያስወጣዋል። የድመት ጉበት ይሄን የሚሠራው ኢንዛይም እጅግ ያንሰዋል። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷ ያብጣል። ባለ 500 ሚሊግራሙ አንድ ፍሬ ሊገድላት ይበቃል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ለሷ መርዝ ናቸው።

ስትወስዷት ካርቶን ለአየር በሳሱና ፎጣ አንጥፉበት። ደረቷን አጥብቃችሁ አትጠቅልሉ። እኛ ከተማ አብዛኛው የእንስሳት ሐኪም የለመደው ከብትና በግ ነው። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ደውላችሁ ድመት ያክም እንደሆነ ጠይቁ። ስልኩን ዛሬ፣ ድመታችሁ ደህና እያለች፣ መዝግባችሁ አስቀምጡ። እኔ ያን ቀን ቁጥር ስፈልግ አንድ ሰዓት አለፈኝ።

ውሮ ደረቷ ውስጥ አየር ነበር። ሐኪሙ በመርፌ ስቦ ሲያወጣላት አፏን ገጠመች። ዛሬም የባጃጅ ድምፅ ስትሰማ አልጋ ሥር ትገባለች። እኔም ባትሪዬን ይዤ ጎንበስ እላለሁ፤ ጎኗን እያየሁ እቆጥራለሁ።