ድምፅና ምስል በአንደኛ ደረጃ ሳይንስ፦ ችግር ተኮር ትምህርትን ለማገዝ

ችግር ተኮር ትምህርት ተማሪው ከማብራሪያው በፊት ጥያቄውን የሚያገኝበት የማስተማር ዘዴ ነው። የተደራጀ መልክ የያዘው በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ለሕክምና ተማሪዎች ነበር፤ ወደ ሕፃናት ክፍል የወረደው ቆይቶ ነው። ቪዲዮ፣ ሬዲዮና ሥዕል እዚህ ጋ የሚጠቅሙት ልጁ በዓይኑ ሊያየው የማይችለውን ወይም ቀናት የሚፈጀውን ነገር ክፍል ውስጥ ስለሚያስገቡ ነው።

ቆላ ውስጥ ያለ አንድ የአካባቢ ሳይንስ ክፍል እንውሰድ። መምህሯ «ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ወባ ለምን ይበዛል?» ብላ ትጀምራለች። ልጆቹ ብርዱን፣ እሸቱን፣ ዝናቡን ይጠቅሳሉ፤ ሁሉም ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ከዚያ በስልክ ወይም በፕሮጀክተር የወባ ትንኝ ዕድገት ይታያል፦ እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬ፣ ጉልምስ። እጩ ከውሃው ገጽ ሥር ተጋድሞ ሲታይ ቪዲዮው ይቆማል። «ምን ሊያደርግ ወጣ?» አየር ሊስብ መሆኑን የደረሰበት ቡድን ቀጣዩን ጥያቄ ራሱ ያመጣዋል፦ ውሃው ላይ ዘይት ቢንሳፈፍስ? ኩሬው ቢደፈንስ? በእኔ ግምት የትምህርቱ ዋና ሥራ ያለው ቪዲዮው በቆመባት በዚያች ደቂቃ ነው። ሳይቆም እስከ መጨረሻው የሚሄድ ፊልም ልጆቹን ዝም ያሰኛል እንጂ አያመራምርም።

ኢትዮጵያ ይህን በሁለተኛ ደረጃ አይታዋለች። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጁ ትምህርቶች በሳተላይት ወደ ክፍሎች ሲሠራጩ፣ «ፕላዝማ» የሚባለው የክፍል ቴሌቪዥን የማይታየውንና በየትምህርት ቤቱ ያልነበረውን ቤተ ሙከራ አሳየ። ነገር ግን ስርጭቱ ተማሪው ገባው አልገባው ሳይል ይነጉድ ነበር፤ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነበር። ብዙ መምህራን ማብሪያ ማጥፊያ ሆነን ቀረን ብለው አማረሩ። አንደኛ ደረጃን ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ሬዲዮ ነው፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መድረሱ ትልቅ ብልጫው ነው።

ተማሪው በበዛበት ክፍል አንድ ስልክ ካለ በቡድን ተራ ማየት የተለመደ መፍትሔ ነው። መብራት ከሄደ ደግሞ መምህሯ ከኩሬ የተቀዳ ውሃ በብርጭቆ ታመጣለች፤ እጩ እዚያው ሲወዛወዝ ይታያል። የብርጭቆውን አፍ በስስ ጨርቅ ማሰር ግን አይዘነጋም፤ ሙሽሬው ክንፍ አውጥቶ ክፍሉን ሊዞር ይችላል።